በላዳ እግር ቪትዝ ስንነዳ

አጎቴ ላዳ ነበረው። ከእንጦጦ ማርያም ሲወርድ ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ማርሹን ዜሮ ያደርገዋል። ከዚያ ዘና ብሎ «ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው» ይላል። መኪናዋ በገዛ ክብደቷ እየተንደረደረች ሽሮ ሜዳ ትደርሳለች። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ የፍሬን ሸራው ይሸታል። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ያ ሽታ የእንጦጦ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ላዳዋ ከተሸጠች ቆየች። አሁን የሚነዳው አውቶማቲክ ቪትዝ ነው። እጁ ግን ዛሬም እዚያች ኩርባ ላይ ሲደርስ ወደ ማርሹ ይሄዳል። «ዲ» ላይ የነበረውን ወደ «ኤን»፣ ማለትም ወደ ዜሮ፣ ይገፋዋል። «ምነው?» ስለው መልሱ አልተቀየረም። የእግዜር ነዳጅ።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ ስናወራ ብዙዎቻችን እንደ አጎቴ ነን። መኪናው ተቀይሯል፣ እግራችን አልተቀየረም። ከአባቶቻችን፣ ከመንጃ ፈቃድ አስተማሪዎችና ከጎረቤት ሹፌር የወረስነው ምክር በካርቡራተር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ዘመን የተሠራ ነው። ብዙው ያኔ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ግማሹ ኪስ ያራቁታል፣ አንዳንዱም ሰው ይገድላል።

ነገሩ ድሮ ያን ያህል አያሳስብም ነበር። በ2014 ሐምሌ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ50 ብር በታች ነበር። በ2017 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ 100 ብርን ተሻገረ።  በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለችውን መኪና እስክታረጅ የምንነዳት እኛው ነን። እንግዲህ እንዴት እንደምትበላ ማወቅ ይጠቅማል።

ከሞተሩ እንጀምር። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ በነዳጁ ውስጥ ካለው ጉልበት መኪናውን ወደፊት ለመግፋት የሚውለው ከ12 እስከ 30 በመቶው ብቻ ነው። አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። በ12 እና በ30 መካከል ያለው ክፍተት ትልቅ ነው። ከዚያ ክፍተት የተወሰነው በሹፌሩ እጅና እግር ላይ ነው ያለው።

የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚመጥነው አየር በማነቅ ነው። ነዳጅ መስጫውን በትንሹ ስትነኩት አየር ማስገቢያው ላይ ያለችው ክዳን በጠባቡ ትከፈታለች። ፒስተኖቹ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ይታገላሉ። የሲሪንጅ አፍ በጣታችሁ ደፍናችሁ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቡት። እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ያ ትግል ሞተሩ ውስጥ በየዙሩ አለ። የብረት ከብረት ሰበቃም እንዲሁ ከዙሩ ጋር ይጨምራል። ሞተሩ በደቂቃ ብዙ በዞረ ቁጥር ለሁለቱም የሚከፈለው ቤንዚን ይበዛል።

ማርሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በ3ኛ ማርሽ ሞተሯ በግምት 3,000 ዙር ይዞራል። በ5ኛ ወደ 2,000 ይወርዳል። ፍጥነቱ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ሞተሩ ግን በየደቂቃው 1,000 ጊዜ ያህል ከትግል ይገላገላል። በቀላሉ፣ ማለትም በ5ኛው፣ ማርሽ ላይ ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ መርገጥ ይጠይቃል። ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። ሆኖም ጠለቅ ሲል ያቺ ክዳን ሰፋ ብላ ትከፈታለች፣ ሲሪንጁም ይተነፍሳል።

«እኔ እግሬ ቀላል ነው» የሚል ሰው ስሰማ ስለዚህ አላምንም። አብሬው ስሄድ አየዋለሁ። በ2ኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ነዳጅ መስጫውን እንደ እንቁላል እየነካካ 40 ይደርሳል። ቶሎ ወደ 3ኛ፣ ቶሎ ወደ 4ኛ የሚያልፈው፣ ረገጥ አድርጎ የሚነሳው ሰውዬ ይሻለዋል። ለቤንዚን መኪና ሜዳ ላይ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ባለው ውስጥ ማርሽ መቀየር ይበቃል፤ ለናፍጣ ከ1,500 እስከ 2,000። ዙር መቁጠሪያ የሌላት መኪና ላይ ጆሮ ይሠራል። ሬድዮኑን ለአንድ ቀን ዝጉትና ስሟት።

ግን የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። ማርሽ ማቅለል ይቆጥባል የሚለውን የሰማ ሰው ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን ዳገት በ4ኛ ሊወጣ ይሞክራል። ሞተሩ ያጉረመርማል። የማርሹ ዘንግ በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ መስጫው ወለል ነክቷል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። እዚያ ላይ ምንም ቁጠባ የለም። መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ብዙ መኪኖች ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫሉ። ሞተሩ ውስጥ ማንኳኳት ከጀመረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ነዳጁ የሚለኮስበትን ሰዓት ያዘገየዋል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ወደ 3ኛ አንድ ማርሽ መመለስ ነው የሚያዋጣው።

የውጭ አገር ምክር እንዳለ ገልብጦ አዲስ አበባ ላይ መሥራት የማይሆነውም ለዚህ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲያንስ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል፣ ጉልበትም ያንሳል። ፋብሪካው 80 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈላት፣ ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌላት መኪና እዚህ 60 ገደማ ይዛ ነው የምትወጣው። ባሕር ጠለል ላይ ባለችው ሮተርዳም በ5ኛ የሚሄድ ሰው ለገሃር ላይ በ3ኛ ቢሄድ ሰነፍ ሹፌር አይደለም። ከፍታው ለጉልበት ነው እንጂ ለቁጠባ ጠላት አይደለም። ቀጭን አየር መኪናን በመንገድ ላይ የሚይዘውም ትንሽ ነው።

ካርቡራተር ግን ከፍታን አያውቅም ነበር። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ለመቀነስ የሚያስችል አእምሮ የለውም። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ መኪኖች ቤንዚን ቤንዚን የሚሸቱት፣ ካንዴላ የሚጠቁረው አንድም በዚህ ነው። የዛሬዎቹ የሚገባውን አየር ለክተው ነዳጁን ይመጥናሉ።

አሁን ወደ አጎቴ ቁልቁለት እንመለስ። ኢንጀክተር (በኮምፒውተር ትእዛዝ ነዳጅ የሚረጭ አፍንጫ) ያላት መኪና ቁልቁለት ላይ በማርሽ ስትወርድና እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ያያል። ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ትንሽ አይደለም፣ ዜሮ ነው። ዙሩ ወርዶ ሊጠፋ ሲቃረብ ብቻ ነው መልሶ የሚከፍተው። ማርሹን ዜሮ ስታደርጉት ግን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ። ሞተሩ እንዳይጠፋ በራሱ መቃጠል አለበት። አንዲት ትንሽ መኪና ቆማ ስትሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ትጠጣለች። ከእንጦጦ ለመውረድ ስምንት ደቂቃ ቢፈጅ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ቤንዚን ሄደ ማለት ነው። በማርሽ የወረደው ሰው ምንም አላወጣም።

አንድ ሲኒ አያስከፋም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የሚያስቀው፣ አጎቴ ቆጠብኩ የሚለው ነገር ኪሳራ መሆኑ ነው። ለላዳው ዘመን ግን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። ካርቡራተር በማርሽ ቁልቁለት ሲወረድ ሞተሩ በኃይል ስለሚዞር በጠባቡም መንገድ ቢሆን ቤንዚን እየሳበ ይቀጥላል። ያኔ ዜሮ ያደረገ ሰው በእርግጥም ይቆጥብ ነበር። እጁ የሚያውቀው እውነት ነው። መኪናዋ ናት የከዳችው።

(ለሐቀኞች አንድ ነገር ልጨምር። በጣም ለስላሳ ቁልቁለት ላይ፣ በማርሽ ስትሄዱ መኪናዋ እየተያዘች መልሳችሁ ነዳጅ እንድትሰጡ የምታስገድድበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሒሳቡ ለዜሮ ማርሽ ሊያደላ ይችላል። እኔ ለዚያች ጥቂት ጠብታ ብዬ እጄን ሳላስለምድ መቅረቱን መርጫለሁ።)

ናፍጣ ላይ ደግሞ ዜሮ ማርሽ ድሮም ያን ያህል አልቆጠበም። የቀድሞዎቹ የናፍጣ ፓምፖች እንኳ እግር ሲነሳና ሞተሩ በጎማ ሲዞር ናፍጣውን ይቆርጣሉ። ታዲያ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ጭነት ይዞ በዜሮ ማርሽ የሚለቀው አይሱዙ ምን ያተርፋል? መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያ ሁሉ ክብደት የሚይዘው አጥቶ በፍሬን ሸራ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ሸራው ይግላል፣ ይንሸራተታል። ፍሬን ዘይት የሚጠቀም ከሆነ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ከዚያ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለውን ቃል እንሰማለን። ፍሬኑ እምቢ ያለው ማርሹ ሥራውን ስለተወበት ነው። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ አለ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሬንን የሚያግዘው ኃይል ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህኛው ሌላ የምለው የለኝም።

እስካሁን ስለ ማርሽ ብዙ ብያለሁ። ከማርሽ ይልቅ ከተማ ውስጥ ኪስ የሚያራቁተው ግን ፍሬን ነው። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ፍሬን ቤንዚን አይጠጣም። የሚያባክነው ቀድሞ የተጠጣውን ነው።

አንዴ በወረቀት አሰላሁት። ከነተሳፋሪዋ 1,150 ኪሎ የምትመዝን መኪና 50 ላይ ስትሄድ ውስጧ የያዘችው ጉልበት አለ። ያንን ጉልበት ሞተሩ ለመሥራት 14 ሚሊ ሊትር ገደማ ቤንዚን ያቃጥላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ስታቆሙ ያ ማንኪያ ቤንዚን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 80 ላይ ከነበራችሁ ከሁለት ማንኪያ በላይ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በቀን 60 ጊዜ ከ50 ላይ ረግጦ የሚያቆም ሰው 0.8 ሊትር ያህል ይደፋል። ሊትሩን 100 ብር እንኳ ብንለው በቀን 80 ብር።

ከዚህ ውስጥ የማይቀር አለ። እግረኛ ይገባል፣ ባጃጅ ይገባል። ግን ሰከንድ የሚቆጥሩትን የትራፊክ መብራቶች አስቡ። ከሩቅ ቀይ 40፣ 39፣ 38 እያለ ይታያል። መንገዱ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቶ አምሮበታል። ከጎኔ ያለው መኪና ሞተሩን አስጩኾ ያልፈኛል። 60 ይደርሳል። ከዚያ ቀዩ ስር ፍሬኑን ይዞ ይቆማል፣ ሰከንዱ 22 ላይ ነው። እኔ ከ200 ሜትር በፊት እግሬን አንስቼ በ3ኛ ማርሽ እየተንከባለልኩ ስደርስ 4 ላይ ነው። አብረን እንነሳለን። እሱ አንድ ማንኪያ ተኩል አፍስሷል፣ ከዚያም በላይ ቆሞ ሲጠብቅ ይጠጣል። ማርሹን ሳላወጣ ስለተንከባለልኩ የእኔ ኢንጀክተር አብዛኛውን መንገድ ተዘግቶ ነበር።

በዚህ ቦታ የሚኒባስ ሹፌሮችን መውቀስ ልማድ ነው። እኔ አልወቅሳቸውም። «ወራጅ አለ!» ሲባል መቆም ግዴታቸው ነው። ሙሉ የጫነ ሚኒባስ ከ50 ላይ ሲቆም ሁለት ማንኪያ ገደማ ናፍጣ ያጣል። በዚያው በ100 ብር ሒሳብ ሲሰላ ሁለት ብር ከምናምን ነው። አሯሩጦ ከፊቱ ካለው ታክሲ ቀድሞ አንድ ሰው ቢጭን፣ አጭሩ ታሪፍ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ለባለቤቱ በቀን የሚያስገባው ገቢ የተቆረጠ ስለሆነ ሩጫው ለእሱ ያዋጣዋል። ችግሩ እሱን አይቶ እንደሱ የሚነዳው የቤት መኪና ነው። እሱ ማንን ሊጭን ነው የሚሮጠው?

የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በኃይል መነሳት፣ መሮጥና ፍሬን መርገጥ መቆም በሚበዛበት መንገድ ላይ አንድ ሊትር የሚያስኬደውን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንስ ይገምታል። የኔ ማንኪያ ሒሳብ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ «ማርሹን እሷ ትመርጣለች፣ እኔ ምን አገባኝ» እንዳትሉ አንድ ነገር ላውራችሁ። የአክስቴ ልጅ የቆየች አውቶማቲክ ኮሮላ ገዛ። ባለፈው ዓመት አብረን አዳማ ስንሄድ ፈጣን መንገዱ ላይ 100 ላይ ስንሆን ሞተሩ ይጮኻል። ዳሽቦርዱን አየሁት። አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች፤ «ኦዲ ኦፍ» ትላለች። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «የቁጠባ ናት፤ የሸጠልኝ ሰውዬ እንዳትነካት ብሎኛል» አለኝ። ለስምንት ወር አልነካትም። ያቺ መብራት ስትበራ መኪናዋ የመጨረሻዋን ቀላል ማርሽ እንዳትጠቀም ተከልክላለች ማለት ነው። ማርሹ ዘንግ ጎን ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። መብራቷ ጠፋች። ሞተሩ ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የአክስቴ ልጅ እስከ ሞጆ አልተናገረም። ቁልፏ የምትጠቅመው ረጅም ቁልቁለት ላይ መኪናዋን በሞተር ለመያዝ፣ አልያም ዳገት ላይ ማርሹ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ተጠቀሙባት፣ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ትጥፋ።

ፈጣን መንገዱን ካነሳን አይቀር፣ 80 ኪሎ ሜትሩን በ100 ብትነዱት 48 ደቂቃ ነው። በ120 ብትነዱት 40። ለስምንት ደቂቃ ብላችሁ የምትገፉት አየር በ44 በመቶ ይከብዳል። ሌላም ተንኮል አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ «እስከ አዳማ በዚህች ነዳጅ ሄድኩ» ብሎ የሚፎክር ሰው ሲያጋጥማችሁ ሲመለስ ስንት እንደፈጀ ጠይቁት።

ከላዳ ዘመን የቀሩ ሌሎችም አሉ። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሞተር ማሞቅ አንዱ ነው። ካርቡራተር ሳይሞቅ ስለሚያስነጥስ ነበር። ኢንጀክተር ያላት ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀስ ብላ ብትሄድ ቶሎ ትሞቃለች። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ቤንዚን ያስበላል የሚባለውም በካርቡራተር ላይ እውነት ነበር። በዛሬ የቤንዚን መኪና ላይ የሚቀንሰው ጉልበቷን ነው፣ ፍጆታዋ ላይ ለውጡ ኢምንት ነው። ፊልትሮውን ለሞተሩ ብላችሁ ቀይሩት። የጎማ ነፋስ ግን በየትኛውም ዘመን ያው ነው፤ ሲጎድል ይበላል። ዳገት ላይ ወረፋ ሲያዝ መኪናን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆምም እንዲሁ። የእጅ ፍሬን የተሠራው ለምን ሆነና?

ይህን ሁሉ አትመኑኝ፣ ለኩት። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የምንከፍለው በስልክ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍያ መልእክት ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ቀን ሙሉ አድርጋችሁ ቅዱና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። በቀጣዩ ጊዜ እንደገና ሙሉ አድርጉ። በመካከል የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ በቀዳችሁት ሊትር አካፍሉት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ አራት አምስት ጊዜ ይሁን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ ጣት ለሐሜት እንጂ ለሒሳብ አይሆንም።

አጎቴ አልለካም። ይልቁንስ ባለፈው ወር የጎረቤቱን ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ተሳፍሮ ከእንጦጦ ወረደ። ማርሽ የላትም። እዚያችው ኩርባ ላይ ሲደርሱ እጁ እንደ ልማዱ ተንቀሳቅሶ ባዶ ቦታ ነካ። ልጁ ሳቀና ስክሪኑን አሳየው። ላይ ሲነሱ ባትሪው 61 በመቶ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ 63 ሆኗል። መኪናዋ ቁልቁለቱን በፍሬን ከማቃጠል ይልቅ መልሳ ባትሪ ውስጥ እየሞላችው ነበር የወረደችው።

ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ውስጥ ድል አለ።

«አላልኩህም?» አለኝ። «የእግዜር ነዳጅ ነው!»